ለሃምሳኛ ዓመት ልደት ጅማ ውስጥ የት ይሻላል? የኛን ልንገራችሁ

ጓደኛችን ጳጉሜ 3 ሃምሳ ትሞላለች። ጳጉሜ 3 ማለት ሩፋኤል ነው እንግዲህ፣ ዝናቡ ጸበል ነው እየተባለ ልጅ አዋቂው ደጅ ወጥቶ የሚረጥብበት ቀን፣ እሷም "እኔ ስወለድ ነው የተጠመቅኩት፣ ክርስትናው ለወጉ ነው" እያለች ስትቀልድ ነው የኖረችው። ግን ጳጉሜ ላይ ልደት ጥሩ እስኪ፣ ማን ይመጣል? አንዱ ለእንቁጣጣሽ በግ ሊገዛ ሂርማታ ገበያ ወርዷል፣ አንዷ ለልጆቿ ደብተርና ዩኒፎርም እያለች ሱቅ ለሱቅ ትዞራለች፣ የቀረው ደሞ ኪሱ ተራግፏል። ስለዚ ዘንድሮ ቀደም ብለን እናክብርላት ተባባልን፣ ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ ባለው ቅዳሜ፣ ከአዲስ አበባ የሚመጣው ጓደኛችንም ፈቃድ ያገኘው ያኔ ነበር።

ይሄን የምጽፈው ቦታ ስናፈላልግ የሚረባ ሪቪው ስላጣሁ ነው። ፎቶ ከሆነ ሞልቷል፣ ፊኛ ስር የቆመች ቆንጆ ልጅ፣ ባለ ሦስት ፎቅ ኬክ፣ በቃ። ምግቡ እንዴት ነው፣ ሽንት ቤቱስ፣ ቁጭ ብሎ ማውራት ይቻላል ወይ፣ ሂሳብ ላይ ምን ይጨምራሉ፣ ይሄን የሚነግራችሁ የለም። የቤቱን ስም ግን አልጽፍም፣ የምወቅሰው ነገር አለኝ፣ ጅማ ደሞ ትንሽ ከተማ ነች፣ የምግብ ቤቱን ባለቤት እትዬን ነገ ገበያ ላይ አገኛቸዋለሁ። ወደ ጅሬን አቅጣጫ ካሉት የግቢ ምግብ ቤቶች አንዱ ነው፣ ጎጆ ጎጆ የተሠራበት፣ አቮካዶና ማንጎ ዛፍ ያለበት። እንደዛ አይነት ቤት አንድ ብቻ አይደለም ያለው፣ ስለዚ የምለው ለሌሎቹም ይሠራል።

መጀመሪያ ያየነው አዳራሽ ነበር። ከተማ ውስጥ አንድ ሆቴል "የልደት ፓኬጅ አለን" ብሎ ወረቀት ሰጠን፣ ዴኮር፣ ዲጄ፣ ፎቶግራፈር፣ ኬክ፣ የወንበር ልብስ፣ በመብራት የተሠራ የሃምሳ ቁጥር፣ ምናምን ምናምን። ዋጋውን ሳይ ልደቱ የሷ ነው ወይስ የሆቴሉ አልኩ። ገንዘቡስ ይሁን፣ አዋጥተን እንችለዋለን፣ ሰዓቱ ነው የገረመኝ! ከ8 እስከ 11 ሰዓት ብቻ፣ ከዛ በኋላ ሌላ ፕሮግራም አለብን ይላሉ። ሦስት ሰዓት ማለት እኮ ዴኮሩ ፊት ተራ በተራ ቆማችሁ ፎቶ ስትነሱ፣ ኬክ ስትቆርሱ፣ ዲጄው ጆሯችሁን ሲያደነቁረው አለቀ ማለት ነው፣ ከአጠገባችሁ የተቀመጠውን ሰው እንኳን ደህና ነህ ወይ ሳትሉት ትወጣላችሁ። ለሃያ ዓመት ልጅ ጥሩ ነው፣ አልቃወምም። ሃምሳ የሚሞላው ሰው ግን የሚፈልገው ከጓደኞቹ ጋር ማንም ሳያስነሳው መዋል ነው፣ እኔ እንደዛ ነው የማስበው፣ ልደተኛዋም እንደዛው። ስለዚ መስፈርታችን ወደ አንድ ጥያቄ ወረደ፦ "እስከ ማታ ብንቀመጥ ታስነሱናላችሁ?" ሁሉም "ኧረ ምን ችግር አለ" ይላል፣ ግን ፊቱ ላይ ይታያል። እትዬ ብቻ "ልጆቼ፣ እኔ የምዘጋው ሰው ሲጠግብ ነው" አሉን። እዛው ቀብድ ከፈልን።

ሁለተኛው ጥያቄ ኩሽና ነው። የኛ ሰው ግማሹ ሙስሊም ግማሹ ክርስቲያን ነው፣ ለጅማ ሰው ይሄ ወሬም አይደለም፣ ከሌላ ከተማ መጥታችሁ የምታዘጋጁ ካላችሁ ግን ስጋ ነገር ላይ ተጠንቀቁ። ብዙ ቤት "የሁለቱም አለን" ይልና ጓዳ ስትገቡ ምጣዱም አንድ ቢላውም አንድ ነው። እዚህ ቤት በእውነት ሁለት ኩሽና አለ፣ በግቢው ግራና ቀኝ፣ አብሳዩም ዕቃውም ለየብቻ፣ ሐኪሟ ጓደኛችን ገብታ በዓይኗ አይታ ነው የመጣችው (እሷ ደሞ ቢላውን አይታ አትመለስም፣ የአብሳዮቹንም ጥፍር ታያለች)። እዚህ ላይ ሙሉ ነጥብ እሰጣቸዋለሁ።

በነገራችን ላይ ጠዋት ወደ ምግብ ቤቱ ከመግባታችን በፊት አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ወጣን፣ ከከተማው መሃል 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ መንገዱም ያው ስለሆነ ቀኑን አያበላሽም፣ እንደውም ለፕሮግራማችሁ ጨምሩት። እዚሁ ተወልደን አድገን ብዙዎቻችን ለመጨረሻ ጊዜ የወጣነው ተማሪ ሆነን ነው፣ የቅርብ ጠበል ልጥ ይራስበታል ይሉት ይሄ ነው። ዳግማዊ አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 መንገሣቸው ሲነገር ልደተኛዋ ቀነስ ደመር አደረገችና "ሃምሳ አራት ዓመት! እኔ ከኖርኩት በላይ ነግሠዋል" አለች። ከምኒልክ ጋር ሳይዋጉ ግብር እየከፈሉ ግዛታቸውን ማቆየታቸው ሲነሳ ደሞ ከአዲስ አበባ የመጣው "እኔም ከሚስቴ ጋር እንደዛው ነው የምኖረው" ብሎ አፈረሰን። የእንጨት ሥራውን፣ ሰገነቱን ረጋ ብላችሁ እዩት፣ ከላይ ሆናችሁም ከተማዋ ከነቆርቆሮዋ ከነዛፏ ትታያለች። ነሐሴ ላይ ከሆነ ግን ሂል ያለው ጫማ አታድርጉ፣ ጭቃው አይምርም፣ አንዷ ጓደኛችን በባዶ እግሯ ልትወርድ ምንም አልቀራት።

7 ሰዓት ላይ ምግብ ቤቱ ገባን። ይሄን ልብ በሉልኝ፦ ጎጆዎቹ ሁለት አይነት ናቸው፣ ሳር ክዳንና ቆርቆሮ ክዳን። ቆርቆሮው ሰፋ ያለ ነው፣ ወንበሩም አዲስ ነው፣ ስለዚ አስተናጋጁ እዛ ነው የሚወስዳችሁ። የጅማን ነሐሴ መቼም ታውቁታላችሁ፣ 8 ሰዓት ሳይሞላ ዝናቡ ወረደ፣ ቆርቆሮው ላይ ሲያርፍ እንኳን ወሬ ጩኸትም አይሰማም፣ አፍ ብቻ ነው የምናየው። ተነስተን ሳህን ሳህናችንን ይዘን ወደ ሳሩ ጎጆ ሮጥን፣ እዛ ጠበብ ይላል፣ ትከሻ ለትከሻ ነው የተቀመጥነው፣ ግን ዝናቡ ከውጭ ሹ ሹ ከማለት ሌላ ምንም የለም። ክረምት ላይ ከሄዳችሁ ሳሩን ጎጆ ብላችሁ በስልክ አስይዙ፣ ሌላው ሁሉ ይቅር።

ምግቡ። ዓሣው በጣም አሪፍ ነው፣ ከጊቤ ግድብ የሚመጣ ቆሮሶ፣ ሙሉውን ጠብሰው በስለት በስለት ከፍተው ነው የሚያቀርቡት፣ ጠርዙ ኩርሽም ይላል መሃሉ ግን አልደረቀም፣ ከዳጣና ከሎሚ ጋር። ዓሣው ደሞ ሌላ ጥቅም አለው፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ከአንድ ትሪ የሚበላው እሱን ነው፣ ስለዚ መሃል ላይ ዓሣውን አድርገን ጥብሱን ለየጎራው አስቀመጥን። የሙስሊም ኩሽናው ጥብስ ከክርስቲያኑ ይበልጣል ብለው እነሱ ጉራ ነፉብን፣ ከሽታው እውነታቸውን ይመስላል፣ መቅመስ ስለማልችል ፍርድ አልሰጥም። የኛው ጥብስ ደህና ነው፣ ትንሽ ዘይት በዝቶበታል። ክትፎው ላይ ቅቤው ጥሩ ነው፣ ቆጮው ግን የቆየ ነበር፣ ሲቆረስ ይፈረፈራል፣ ብንናገር "የዛሬ ነው" አለን አስተናጋጁ፣ ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ለቀረበ ሰው እንደዚህ አይባልም። አቮካዶ ሰላጣው ከግቢው ዛፍ ነው፣ ከሱ በላይ የሚጨመር ነገር የለም። መጠጥ ላይ ብርዝ አለ፣ ይሄን አትለፉት፣ ከጅማ ማር የተበጠበጠ፣ በብርሌ ይቀርባል፣ የማይጠጣውም ሰው ብርሌ ይዞ አብሮ ብርሌ ያጋጫል፣ ለድብልቅ ቡድን ከዚህ የተሻለ ነገር አላየሁም። ጠጅ ለሚፈልግ እሱም አለ፣ ትንሽ ጣፍጧል።

አሁን ወደ ቡናው ልምጣ፣ እዚህ ላይ ነው የተናደድኩት። ቄጠማው ተጎዝጉዟል፣ እጣኑ ይጨሳል፣ ፈንዲሻው ቀርቧል፣ ሁሉም ነገር ለፎቶ ያምራል፣ ልጅቷ ግን ጀበናውን ከጓዳ ይዛ ከች አለች፣ ቆሎ የለ፣ ጢስ የለ። የመጀመሪያውን ሲኒ ስንቀምስ ምርር ብሎ ያቃጥላል። ከመሃላችን አንዷ ቡና ነጋዴ ነች፣ ከሊሙ እያስመጣች የምትሸጥ፣ ሲኒውን አስቀመጠችና "ይሄ መቼ ተቆላ?" አለች። ልጅቷ ደነገጠች፣ "ትናንት... ተፈጭቶ ነው የሚቀመጠው"። ጅማ ላይ! በላስቲክ የተቀመጠ ዱቄት ቡና! ለዚህማ ከተማዋን ምን አስመረጠን?

ከዛ ያየሁትን ልንገራችሁ። ነጋዴዋ ቦርሳዋን ከፈተች፣ ጥሬ ቡና በፌስታል ይዛለች (ለናሙና የያዝኩት ነው ትላለች፣ እኔ አላምናትም፣ ቤቱን ጠርጥራ ነው)። ለልደተኛዋ ስጦታ ብለን ያሠራነው ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማ ነበር፣ ከአንድ ግንድ የተጠረበ፣ ገና ወረቀቱ አልተፈታም፣ እሷ ወረቀቱን ቀዳ "ይቅርታ ልደተኛ፣ ላሟሽልሽ ነው" ብላ ምድጃው ፊት ተቀመጠችበት። ቡናውን አጠበች፣ ምጣዱ ላይ አፈሰሰች፣ መጀመሪያ እርጥበቱ ቱፍ ቱፍ እያለ ወጣ፣ ከዛ ገለባው መነሳት ሲጀምር እፍ እያለች ታራግፋለች፣ እጇ አንዴም አያርፍም። ቢጫ ሆነ፣ ቀረፋ መሰለ፣ ትንሽ ቆይቶ ጧ ጧ ማለት ጀመረ፣ "አሁን ነው ሰው የሚቸኩለው" አለች ለልጅቷ፣ "ሲፈነዳ በስሎ ይመስላቸውና ያወጡታል፣ ወይ ደሞ ወዝ እስኪያወጣ ይተዉትና ያሳርሩታል፣ ድምፁ ሲረግብ አውጪው"። ምጣዱን ይዛ ዞረች፣ ሁላችንም ጢሱን ወደ ፊታችን ሳብን፣ እንደ ወጉ። ሙቀጫው ላይ ልጅቷ ራሷ ወቀጠች፣ ኩርፊያም አልነበራትም፣ በመጨረሻ "ገለቶማ" ብላ እጇን ሳመቻት። አቦሉ ሲቀዳ ጎጆው ውስጥ ዝም ተባለ፣ ከዛ አንዷ በጨው ካልሆነ አልጠጣም ብላ ጨው አስመጣች፣ ሌላው ጤና አዳም፣ ስኳር የሚጨምረውን ሁሉም ሰደበው።

ቡናው ላይ ክርክሩ ተነሳ፣ መነሳቱም አይቀርም። ከቦንጋ ያገባችው ጓደኛችን ቡና የተገኘው ከፋ ነው አለች፣ ጎማ ወረዳ ተወልዶ ያደገው ደሞ ጮጬ ነው እንጂ ብሎ ተነሳ፣ እሷ "ብሔራዊ የቡና ሙዚየሙ የት ነው የተሠራው? ቦንጋ!" ስትለው "ሙዚየም የሚሠራው ለሞተ ነገር ነው፣ የኛ ገና በቅርንጫፉ ላይ ነው" አላት። ይሄ ክርክር ወጣት እያለንም ነበር፣ ያኔ ግን እንደዛሬው አንስቅም ነበር፣ እስከ መኮራረፍ ነበር የምንደርሰው። ከሱ ወደ ኳስ፣ ጅማ አባ ጅፋር በ2010 የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ሲያነሳ ማን የት እንደነበር፣ ከኳስ ወደ ሐኪሟ፣ የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ገብታ ከዩኒቨርሲቲ ነው የወጣችው፣ በመሃል በ1992 ከግብርና ኮሌጁ ጋር ተዋህዶ ስሙ ስለተቀየረ፣ "ሳልዘዋወር ትምህርት ቤት የቀየርኩ እኔ ብቻ ነኝ" ትላለች። እንደዚህ አይነቱን ወሬ አዳራሽ ውስጥ በዲጄ መሃል አውሩት እስኪ።

ሙዚቃ ላይ እነሱም አይታሙም ለነገሩ። ግቢው ውስጥ ትልቅ ስፒከር አለ፣ ከሰዓት በኋላ ይከፍቱታል፣ ቀንሱልን ስንል አስተናጋጁ "እሺ" ይልና ሄዶ ይመለሳል፣ ድምፁ ያው ነው። 11 ሰዓት ላይ ግን መብራት ጠፋ። ግልገል ጊቤ አንድ ብቻውን 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ነው፣ ከዚሁ ከአዲስ አበባ መንገዳችን ላይ ነው ያለው፣ የግድቡን ዓሣ እየበላን መብራቱ ተከለከልን ብሎ አንዱ አማረረ። እትዬ መጥተው "ጄኔሬተር ላስነሳ?" ሲሉ ሁላችንም በአንድ አፍ "ኧረ ይቅር!" አልን። ሻማ አመጡልን። ልደተኛዋ ብዙ የማታወራ ሴት ነች፣ ያን ማታ ግን እናቷን ስታስታምም በነበረበት ጊዜ ማን በር ላይ ምን አስቀምጦ እንደሄደ፣ ማን ሌሊት ባጃጅ ፈልጎ እንዳመጣ አንድ በአንድ ተናገረች፣ የረሳነውን ሁሉ፣ አንዳንዱን እኛ ማድረጋችንንም አናስታውስም። የዛን ሰዓት ዋጋ በሪቪው አልተምነውም፣ ብቻ እትዬ በሩ ላይ ቆመው ሰሙና ገብተው አጠገቧ ተቀመጡ፣ ሥራ አለብኝ አላሉም።

ኬኩን ከሌላ ቤት ነው ያስጋገርነው፣ ከውጭ ማስገባት ይፈቅዳሉ፣ የማስገቢያም አልጠየቁንም፣ አንዳንድ ቦታ ይጠይቃሉና ቀድማችሁ እወቁ። ኬክ ቤቱ "ሃምሳ ብለን እንጻፍ?" ሲሉን ልደተኛዋ በስልክ ጮኸች፣ "ጳጉሜ ሳይገባ ማንም ሃምሳ እንዳይለኝ፣ ገና አርባ ዘጠኝ ነኝ!" ስለዚ ቁጥር የሌለው ኬክ ሆነ፣ ሻማ ደሞ መብራት ስለጠፋ ከጠረጴዛው ላይ ያለውን ነው የነፋችው፣ ነፍታው ጨለማ ሆነብንና ሁሉም ስልኩን አበራ። ክሬሙ ስኳር በዝቶበታል፣ የታችኛው ክፍል ግን ለስላሳ ነው። በቃ ስለ ኬክ ይሄ ይበቃል።

ሂሳብ። ሜኑው ላይ ያለው ዋጋ ቫትና ሰርቪስ ያልገባበት ነው፣ ይሄን በትንንሽ ፊደል ከታች ጽፈውታል። 10 ፐርሰንት ሰርቪስ ይጨመርና በሱ ላይ 15 ፐርሰንት ቫት ይመጣል፣ ማለት 1000 ብር ብላችሁ ያሰባችሁት 1265 ሆኖ ነው የሚደርሳችሁ። ይሄ ስርቆት አይደለም፣ ግን ለብዙ ሰው ሲሆን ልዩነቱ ያስደነግጣል፣ ስታዋጡ ከመጀመሪያው አስልታችሁ አዋጡ። የኛ ሂሳብ ላይ ያላዘዝነው ሁለት ዓሣ ገብቶ ነበር፣ ስንነግራቸው ያለ ክርክር አወጡልን፣ ከዛ በቴሌብር ከፈልን። ደሞ እትዬ የቡናውን አልቆጠሩም፣ "የራሳችሁን ነው የጠጣችሁት፣ እኔን ነው ያሳፈራችሁኝ" አሉ እየሳቁ። ልጅቷን አትቆጧት ብለናቸዋል፣ ጥሬ ቡናና ምጣድ ስጧት ነው ያልነው።

ሽንት ቤቱ፣ ይሄን ሳልናገር ብቀር አልጽፍም ነበር። ንጹህ ነው፣ ውሃም አለ፣ ሳሙናም አለ፣ ግን ከጎጆዎቹ ራቅ ብሎ ነው ያለው፣ መንገዱ ድንጋይ አልተነጠፈበትም፣ ማታ በዝናብ ለትልቅ ሰው አደጋ ነው። እናታችሁን ወይ ጉልበታቸው የሚያማቸውን ሰው ይዛችሁ ከሄዳችሁ ወደ በሩ ቅርብ ያለውን ጎጆ ያዙ፣ ወይ በቀን ጨርሳችሁ ውጡ። ለእትዬም ነግረናቸዋል፣ ከመስቀል በፊት ድንጋይ አስነጥፋለሁ ብለዋል፣ እናያለን።

መኪና ማቆሚያው ለአምስት ስድስት መኪና ይበቃል፣ ጥበቃም አለው። መኪና ከሌላችሁ ግን ወደዛ የሚወጣ ባጃጅ በቀን እንደ ልብ ነው፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ግን አትጠብቁት፣ ያለውም በእጥፍ ነው የሚጠይቀው። ስትወጡ የወሰዳችሁን ልጅ ስልክ ተቀበሉትና ለመመለሻው ቀጠሮ ያዙት፣ እኛ እንደዛ አድርገን 3 ሰዓት ላይ በሁለት ባጃጅ ተጭነን ወረድን፣ በርጩማው ጭን ላይ፣ የተረፈው ኬክ ደሞ ለሾፌሮቹ።